ሪያሊቲ ሾው ሙያ ያስተምራል ወይስ ያሳስታል? የሳምንቱ ክርክር

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄ ባለፈው አርብ ከተነሳው ንትርክ የመጣ ነው። አንዱ የቡድናችን አባል «ልጆች ክረምቱን ሙሉ ሪያሊቲ ሾው ላይ ተጥደው ይውላሉ፤ ይከልከሉ» አለ። ሌላው «ትምህርት ቤት ያላገኙትን ሙያ ከዚያ ያገኙታል» ብሎ መለሰለት። የምግብ ውድድሩም፣ ጫካ ገብቶ መሰንበቱም፣ ቤት ማደሱም፣ የከሰረ ምግብ ቤት ማዳኑም ይግባ። ደንቡ አንድ ነው፦ «ይጠቅማል» «ይጎዳል» ብሎ ማለፍ የለም። ምኑ፣ ስንቱ፣ እንዴት ተብሎ ይጻፍ።

ቀበሌ 18፦ ይከልከሉ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልሸሽም። ጥፋታቸው መዋሸታቸው አይደለም፣ ሰዓቱን ቆርጠው መጣላቸው ነው። ሽንኩርቱ ማስታወቂያው ሳያልቅ ወርቅ መስሎ ብቅ ይላል። ለዶሮ ወጥ የተከተፈ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ግን በደረቁ ሲቁላላ ውሃውን ለመጨረስ ብቻ 40 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በርበሬው ከዚያ በኋላ ነው። ከቴሌቪዥን የተማረ በአሥረኛው ደቂቃ በርበሬውን ይነሰንስና ወጡ ለምን ጥሬ ጥሬ እንደሸተተ ይጠይቃል። የጫካዎቹ ደግሞ ይብሳሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የአንዱ ታዋቂ ትርዒት አቅራቢ «ጫካ አደረ» በተባለባቸው አንዳንድ ሌሊቶች ሆቴል ያድር እንደነበር ሲታወቅ፣ ፕሮግራሙ ላይ ማሳሰቢያ ተጨምሯል።

የሎዛዋ፦ ሽንኩርቱ ላይ እውነትህን ነው። ግን አንዱ ስለከፋ ሁሉም አይጣልም። ከምግብ ውድድር የሚቀር የእጅ ሙያ አለ። መክተፊያው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። ሽንኩርቱን የያዘው እጅ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ቢላዋው አንጓው ላይ ተደግፎ ይወርዳል። ቢላዋውም ይሳላል፤ ዱልዱም ቢላዋ ስለት ካለው ይልቅ እጅ ይቆርጣል፤ ሲጫኑት ይንሸራተታል፣ ተንሸራቶ የሚያርፈው ደግሞ ጣት ላይ ነው። ወፍራም ጥብስ ሥጋም ከእሳት እንደወረደ አይቆረጥም፤ አምስት ደቂቃ ቢቀመጥ ጭማቂው መክተፊያ ላይ ያን ያህል አይፈስም። በጋለ መጥበሻ ማጥቆር «ጭማቂውን ይዘጋዋል» የሚሉት ግን ተረት ነው። ቡናማው ልባስ ጣዕም ይሰጣል እንጂ ውሃ አያግድም።

ባለ ኬኳ፦ የኬክ ውድድሩን ለጎንደር ልጅ እንዳለ ማሳየት በዱቄትና በእንቁላል መቀለድ ነው። ውድድሩ የሚቀረጽባት እንግሊዝ ቆላ ናት፤ እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ ሊጡ ሳይጸና ቀዳዳዎቹ ይፈነዱና ኬኩ መሃሉ ይሰረጉዳል። መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። በእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ቀንሱ። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ከ1 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ይውጣ፤ ውሃው ቶሎ ስለሚተን የቀረው ሊጥ ስኳር ይበዛበታልና። በእያንዳንዱ ኩባያ ወተት ወይም ውሃ ላይ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ይጨመር። የምድጃው ሙቀት ከታዘዘው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከፍ ይበል፣ ከሰዓቱም ጥቂት ደቂቃ ቀድማችሁ እዩት። በአንድ ቀን ሁሉን አትለውጡ፤ መጀመሪያ ቤኪንግ ፓውደሩን ብቻ ቀንሳችሁ ሞክሩ።

ቀበሌ 18፦ እንግዲያው እኔን ደገፍሽ ማለት ነው። የሚያሳዩት እዚህ አይሠራም።

ባለ ኬኳ፦ አይሠራም አላልኩም፤ ሒሳቡ ይስተካከል አልኩ። ቅቤና ስኳሩን ነጭ እስኪሆን መምታት፣ እንቁላሉን አንድ በአንድ መጨመር፣ ዱቄት ከገባ በኋላ ማማሰል ማብዛት ኬኩን ጎማ እንደሚያደርገው፣ ይኼ ሁሉ የትም አገር አንድ ነው።

የኮሌጁ፦ በጤና ሙያ ላለነው የጫካው ትርዒት ነው የሚያሳስበን፤ ክርክሩን ወደ ውሃ ላምጣው። «ከፈላ ይበቃል» ይላሉ። በከተማችን ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚሰጠው ምክር ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ለቆላው አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቆጠራው የሚጀምረው ከሥር ትንሽ አረፋ ሲታይ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ሲገላበጥ ነው።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ውስጥ የሚያከማች ቤት ደግሞ ሁሉን አፍልቶ አይዘልቀውም። ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 ፐርሰንት በረኪና ካለ ለአንድ ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፣ ማለትም በስሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨመራል፤ ተነቅንቆ 30 ደቂቃ ይቆያል። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ ይጥለል፤ በንጹሕ የታጠፈ ነጠላ አጥሉና መጠኑን እጥፍ አድርጉ። የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ጠርሙሱ ላይ ፐርሰንቱን አያነቡም፣ ወይም ፀሐይ ላይ ስድስት ወር የቆየ በረኪና ይጠቀማሉ። በረኪና እየቆየ ይደክማል። ጃርዲያንም እንደ ማፍላት አይገድልም፤ ሕፃን ያለበት ቤት የሚጠጣው ይፍላ።

የፒያሳ ልጅ፦ ፀሐይ ላይ በሃይላንድ ማስቀመጡስ? እሱንም ያሳያሉ።

የኮሌጁ፦ ይሠራል፤ ግን ጠርሙሱ ያልተጫጫረና ቀለም የሌለው፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ፣ ውሃውም የጠራ መሆን አለበት። ጥርት ባለ ፀሐይ 6 ሰዓት፣ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ሙሉ። በሐምሌና በነሐሴ አትመኑበት።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር። እባብ የነደፈውን ሰው መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር፣ ሦስቱም ከትርዒቱም ከመንደርም የሚሰማ ጥፋት ነው። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ እግሩ ወይም እጁ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፍ፣ ሰውየው ሳይራመድ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በተለይ ወደ መተማ ለእርሻ ሥራ የሚወርዱ ይስሙ። ሁለተኛው ከሰል ነው። ድንኳን ውስጥ ፍም ይዘው ሲያድሩ ታይተው ይሆናል፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ ስላለቀ አደጋው አለቀ ማለት አይደለም።

የአዘዞው፦ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ቤት የሚያድሱት ትርዒቶች ብዙዎቹ የአሜሪካ ናቸው፤ እዚያ የቤት መስመር 120 ቮልት ነው፣ ጥቁሩ ሽቦ ፌዝ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው። እኛ ዘንድ 220 ቮልት ነው፤ በአሮጌ ቤቶች ቀይና ጥቁር ሲገኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩ ኒውትራል (መላሹ ሽቦ) ነው። በአዲሱ አሠራር ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ግራውንድ። ከትርዒቱ ቀለም ተምሮ ሶኬት የከፈተ ሰው የሚይዘው ሌላ ነው። ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያም በቴስተር ሁሉንም ሽቦ ፈትሹ፤ ቴስተሩን ራሱን አስቀድማችሁ መብራት ባለበት ሶኬት ላይ ሞክሩት።

ምጣዱንም ላንሳው፤ ትርዒቱ ስለ ምጣድ ምን ያውቃል? 3,800 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 17 አምፔር ይስባል። ተራው ኤክስቴንሽን የሚችለው 10 ነው። በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ መጀመሪያ ሶኬቱ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል። ለምጣድ ከብሬከሩ የመጣ የራሱ መስመር፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ግራውንድ ያለው።

ግንበኛው፦ የአዘዞው እንዳለው ነው። ኮንክሪቱም ትርዒቱ ላይ ዛሬ ፈስሶ ነገ ሶፋ ይቀመጥበታል። የእኛ 1 ለ 2 ለ 3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ለአንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ገደማ ነው፣ ጀሪካን ከሩብ። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ይቀነሳል። ሠራተኛው ለመግፋት እንዲቀለው ውሃ ሲጨምር ዝም ካላችሁ ጥንካሬው ሄደ። ከኅዳር እስከ የካቲት ነፋሱና ፀሐዩ ላዩን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ጆንያ አልብሶ ሰባት ቀን ማርጠብ ነው፣ ካልሆነ ይሰነጣጠቃል።

ሌላው «አሮጌውን ግንብ በሲሚንቶ ለስነው» የሚሉት ነው። ፋሲል ግቢን እዩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት የተጠገነው አልተስማማውም፤ በኋላ በኖራ ተተክቷል። ኖራ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ውሃውን ድንጋዩ ውስጥ ይዘጋበታል። የድንጋይና የኖራ ቤት ያላችሁ ከዚያ ተማሩ እንጂ ከቴሌቪዥን አይደለም።

የሎዛዋ፦ ጋሼ፣ እርስዎም ቢሆን የከሰረ ምግብ ቤት የሚያድኑበትን ቢያዩት ይወዱታል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ጥሬ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ከታች ይቀመጣል፣ የበሰለው ከላይ፤ ደሙ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይንጠባጠብም። ዕቃው ላይ ቀን ይጻፋል፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ለጥምቀት እንግዳ በትልቅ ድስት የተሠራ ወጥ እንዳለ ከነድስቱ ካደረ መሃሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ነው የሚያድረው። አምስት ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ዝርግ ትሪ ላይ ተከፋፍሎ ይቀዝቅዝ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላም ፍሪጅ ይግባ። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልሽ አለኝ፦ «ዶሮ አይታጠብም» ይላሉ!

የኮሌጁ፦ እነሱ የሚሉት ለታሸገ ዶሮ ነው፤ በየብልቱ ተለያይቶና ተጠርጎ የመጣ። በቧንቧ ሲታጠብ ፍንጣቂው ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር የሚባሉ በሽታ አምጪ ተህዋስያን ይዞ ሰላጣው ላይ ያርፋል። ቤት የታረደና ላባው በፍል ውሃ የተነጨ ዶሮ ግን ሳይታጠብ ድስት አይገባም፤ እዚህ ላይ እትዬ ትክክል ነሽ። በሳፋ ውስጥ ይታጠብ፣ በሚፈስ ቧንቧ ሥር አይሁን፤ ውሃው ቀስ ተብሎ ይደፋ፣ ሳፋውና ገንዳው በሳሙና ከታጠቡ በኋላ በበረኪና ይለቅለቁ። ሎሚና ጨው ጠረኑን ያጠፋል፣ ተህዋስ አይገድልም፤ የሚገድለው ድስቱ ነው። በረኪናውን ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ፤ በጽዳት ትርዒት አይቶ የሚሞክር አለ፣ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ቀበሌ 18፦ እሺ፣ አይከልከሉ። ግን አጠገባቸው ሰዓት የያዘ ሰው ይቀመጥ። 93 ዲግሪ የተባለውን ደግሞ እስካላይ አላምንም።

አወያይ፦ ቴርሞሜትር ያለው ነገ ጠዋት ውሃ አፍልቶ ይለካና ቁጥሩን እዚህ ይለጥፍ። ብረቱ የድስቱን ታች አይንካ። ከ93 በጣም ከራቀ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ቴርሞሜትሩን ነው።