«ክርክሩ ተዘግቷል» ያለው ማነው?

የፒያሳ ልጅ፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የተለጠፈው ነገር አናዶኛል። «የስዊድን ተመራማሪዎች የአዋቂ ሰው አንጎል አዲስ የነርቭ ሴል እንደሚያመርት አረጋገጡ፤ ክርክሩ ተዘግቷል» ይላል። ማን ዘጋው? በፈረንጆች 2025 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የስዊድኑ የካሮሊንስካ ተቋም ጥናት ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። ያሳየው ግን የሚከፋፈሉ ቅድመ ሴሎች፣ ማለትም ገና የነርቭ ሴል ያልሆኑ ግን ሊሆኑ የሚችሉ ሴሎች፣ በአዋቂ ሰው ሂፖካምፐስ (ለትውስታ ዋና በሆነው የአንጎል ክፍል) ውስጥ መኖራቸውን ነው። እሱም በሁሉም ሰው እኩል አይደለም። አንዳንዱ ጋ ብዙ ናቸው፣ ሌላው ጋ የሉም ማለት ይቻላል። ከዚህ ተነስቶ «አንጎልህ ይታደሳል» ብሎ ለሕዝብ መንገር ተገቢ አይደለም።

ላብ ኮት፦
የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አላጠፋውም። አንተ ከፈረንጆች 2018 ጀምሮ የሳን ፍራንሲስኮውን የተመራማሪዎች ቡድን ይዘህ ስትሟገት ኖረሃል። 59 ናሙና አይተው ከ13 ዓመት በላይ በሆነ ሰው አዲስ የነርቭ ሴል አላገኘንም አሉ። እሺ፣ እነሱ አላገኙም። ሌሎች አገኙ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣልህ?

የፒያሳ ልጅ፦
«ሌሎች አገኙ» በ2018ም ተብሏል። የሳን ፍራንሲስኮው ጥናት በወጣ በወሩ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ14 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 28 ሰዎችን አንጎል አይተው «እስከ እርጅና አለ» አሉ። ያን ጊዜም ተዘጋ ብለህ ነበር። ስንት ጊዜ ነው የሚዘጋው?

ሲስተር፦
ልጆች፣ ስለ ናሙናው ማንም አላነሳም። እኔ ፓቶሎጂ ክፍል ሠርቻለሁ። ቲሹ እንዳይበሰብስ የሚቀመጥበት ፎርማሊን ውስጥ ሲቆይ ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ሴሎቹን ለመለየት የምንጠቀምበት ማቅለሚያ አይይዝም። እዚያ ያለ ፕሮቲን የሌለ ይመስላል። በ2019 የማድሪዶቹ ተመራማሪዎች ያሳዩት ይህንኑ ነው። ከ43 እስከ 87 ዓመት የሆኑ 13 ጤነኛ ሰዎችን አንጎል ወስደው ፎርማሊን ውስጥ የሚቆይበትን ሰዓት በጥንቃቄ ሲቆጣጠሩ ደብልኮርቲን (የወጣት ነርቭ ሴል መለያ የሆነ ፕሮቲን) ያላቸው ወጣት ሴሎች በብዛት ታዩ። አልዛይመር በነበረባቸው ሰዎች ደግሞ ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ስለዚህ «አላየንም» የሚል ሰው መጀመሪያ ቲሹውን እንዴት እንዳስቀመጠው ይንገረን።

የፒያሳ ልጅ፦
ሲስተር፣ ከአክብሮት ጋር። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ከሬሳ ብቻ አልወሰዱም። ከሚጥል በሽታ ታማሚዎች በቀዶ ጥገና የወጣ ቲሹም ነበራቸው። ያ ቶሎ ነው ፎርማሊን ውስጥ የሚገባው። እዚያም አላዩም። በዚያው ዘዴ ግን ሕፃናቱ ላይ ሞልቶ ታይቷል። ችግሩ ማቅለሚያው ከሆነ ሕፃናቱ ላይ እንዴት ሠራ?

ሲስተር፦
ዓመታት ሲያንቀጠቅጠው የኖረ ሂፖካምፐስ እንደ ጤነኛ ይቆጠራል? በሽታው ራሱ ቅድመ ሴሎቹን ሊጎዳ ይችላል። እሱን እንደ ዋና ማስረጃ አታቅርብልኝ።

ላብ ኮት፦
ደግሞም የ2025ቱ ሥራ ደብልኮርቲን ብቻ ይዞ አልሄደም። የሴል ኒውክሊየስ (የሴሉን እምብርት) አንድ በአንድ እያወጡ የትኛው ጂን እንደሚሠራ የሚያሳየውን አርኤንኤ አነበቡ። መጀመሪያ የሕፃናትን አንጎል አይተው የቅድመ ሴል መልክ ምን እንደሆነ ለይተው፣ ያንን መልክ ኮምፒውተር አስተምረው፣ ከዚያ በታዳጊና በአዋቂ ሰው ላይ ፈለጉት። ቦታውንም ቲሹው ላይ አሳይተዋል፤ ዴንቴት ጋይረስ በሚባለው የሂፖካምፐስ ክፍል ውስጥ፣ መኖር ያለበት ቦታ ላይ።

የፒያሳ ልጅ፦
ከሳሹም ዳኛውም አንድ ቤት ሆኖ ተዘጋ ይባላል? በ2013 «በቀን 700 አዲስ ሴል ይጨመራል» ያለው የካሮሊንስካው የፍሪሴን ላብ ነው። በ2025 «ምንጩን አገኘሁ» ያለውም እሱ ነው።

ላብ ኮት፦
የ2013ቱን አታቅልለው! በኒውክሌር ቦምብ ሙከራ ዘመን ካርቦን 14 የሚባለው ጨረራማ የካርቦን ዓይነት አየሩን ሞላው። በምግብ ሰውነታችን ገባ። በ1963 በአየር ላይ የሚደረገው ሙከራ በስምምነት ሲቆም መጠኑ ከዓመት ዓመት እየወረደ መጣ። ሴል ሲወለድ የዚያን ዓመት መጠን ዲኤንኤው ውስጥ ይይዛል። እነሱ የሂፖካምፐሱን ሴል ዕድሜ በዚህ ለኩ። ዕድሜውን የሚለካው ማቅለሚያ አይደለም፤ ፎርማሊንም የለ። ይህንን ማን ሲያስተባብል አየህ?

ሜሪላንድ፦
እናንተ ስለ ማቅለሚያ ትጣላላችሁ፣ እኔ የምጨነቅበት ሌላ ነው። አባቴ የመርሳት በሽታ ይዞታል። ባለፈው አንድ ደላላ ደውሎ «አንጎሉ ራሱ ያመርታል ተብሏል፤ እኛ በስቴም ሴል (ወደ ሌላ ሴል መለወጥ በሚችል ሴል) መርፌ እናግዘዋለን» አለን። ዋጋውን ስሰማ ቤት ልሽጥ ምን ቀረኝ። እንደዚህ ዓይነት ፖስት ነው ለእነሱ መሣሪያ የሚሆነው።

ላብ ኮት፦
እህቴ፣ አዝናለሁ። ግን ሌባውን እኔ አልላክሁትም። ሂፖካምፐስ ውስጥ ስላለ ሴል መናገርና መርፌ መሸጥ አይገናኙም።

ሜሪላንድ፦
ለሚሰማው ሰው ይገናኛል! የእስራኤሉን ልጅ ታሪክ አታውቁም? አታክሲያ ቴላንጂየክታሲያ የሚባል፣ አንጎልን የሚጎዳ በዘር የሚወረስ በሽታ ነበረበት። በ9 ዓመቱ ሞስኮ ወስደው ከፅንስ የተወሰደ የነርቭ ስቴም ሴል አንጎሉ ውስጥ ወጉት። ከ4 ዓመት በኋላ አንጎሉና አከርካሪው ላይ ዕጢ ተገኘ። ሲመረመር የራሱ ሴል አይደለም፤ ከሰጪዎቹ የመጣ ነው። በ2009 ታትሟል። ወላጆቹ ተስፋ አድርገው ነው የሄዱት።

ሲስተር፦
ይህ መደመጥ አለበት። በተቆጣጣሪ ሥር በስቴም ሴል የሚካሄድ የፓርኪንሰን በሽታ ሕክምና ሙከራ ሌላ፣ የደላላ መርፌ ሌላ። አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ከሐኪሙ ውጪ ለማንም ሳንቲም አትክፈዪ።

የፒያሳ ልጅ፦
ይኸው ነው የምለው። ተዘግቷል የሚለው ቃል ገበያ ይወጣል።

ላብ ኮት፦
አንተ ደግሞ አጋጣሚ አታሳልፍም። በ1965 ተመራማሪዎቹ አልትማንና ዳስ አይጥ ላይ አዲስ የነርቭ ሴል አየን ሲሉ ለብዙ ዓመት ሰሚ አላገኙም። ያን ጊዜ የነበረው «አይሆንም» ባይ እንዳንተ ነበር።

የፒያሳ ልጅ፦
ሰው አይጥ አይደለም።

ላብ ኮት፦
በ1998 የነኤሪክሰን ጥናትስ? ዕጢያቸውን ለመከታተል ሲባል በሕይወት ሳሉ ብሮሞዲኦክሲዩሪዲን (በሚከፋፈል ሴል ዲኤንኤ ውስጥ የሚገባ ምልክት) የተሰጣቸው የካንሰር ሕሙማን ነበሩ። ከሞቱ በኋላ ምልክቱ ሂፖካምፐሳቸው ውስጥ ባለ የነርቭ ሴል ላይ ተገኘ። እሱስ አይጥ ነው?

የፒያሳ ልጅ፦
አምስት ሰው፣ ሁሉም ካንሰር ያለበት። ያ ምልክት ደግሞ ዲኤንኤውን የሚጠግን ሴል ውስጥም ሊገባ ይችላል።

ላብ ኮት፦
ታዲያ ምን ቢመጣ ትቀበላለህ? በግልጽ ተናገር።

የፒያሳ ልጅ፦
ሌላ ላብ፣ ሌላ ናሙና፣ ያው ውጤት። ከዚያ ቅድመ ሴሉ ብስል የነርቭ ሴል ሆኖ ሥራ ሲሠራ።

ላብ ኮት፦
በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ከፍተህ ዓመት ትጠብቃለህ? የማይቻለውን ጠይቀህ ስላልቀረበ አሸነፍኩ ትላለህ።

ሜሪላንድ፦
ጥያቄዬ አንድ ነው። ፖስቱ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ይስተካከላል ወይስ አይስተካከልም?

ላብ ኮት፦
አይስተካከልም። ስለ ደላሎቹ ግን ከሥሩ ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦
ከሥሩ ማን ያነባል?