መካከለኛ ሒሳብ ልጀምር ወይስ ከመሠረታዊው ልነሳ?

የማታ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረስኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አሁን ኢንጂነሪንግ ለመማር ቆርጫለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ግን የሒሳብ ብሪጂንግ ኮርስ መውሰድ አለብኝ።

ኮርሱ የሚሰጠው በሁለት ደረጃ ነው። መሠረታዊው ከክፍልፋይና ከፐርሰንት ይነሳል። መካከለኛው ደግሞ አልጀብራ እንደምንችል ቆጥሮ በቀጥታ ወደ ፋንክሽን፣ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ ይገባና ካልኩለስ መግቢያ ላይ ያበቃል። የርዕሶቹን ዝርዝር ሳየው አብዛኞቹን ድሮ ተምሬያቸዋለሁ። ግን እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ እጄ አይሄድም። ሥራና ልጆች ስላሉብኝ ሁለቱንም ኮርስ ተራ በተራ ልውሰድ ብል ጊዜ የለኝም፣ ዘልዬ ገብቼ መሀል መንገድ ላይ መቅረትም አልፈልግም።

ምን ትመክሩኛላችሁ? ሎጋሪዝም ደግሞ ያኔም ቢሆን ጭራሽ አልገባኝም ነበር። በቀላሉ የሚያስረዳኝ ካለ እግዜር ይስጠው።

አስጠኚው

እንኳን ወሰንሽ እህቴ። ይህን ኮርስ የሚወስዱ ሰዎችን አስጠናለሁ። ሁሉም የሚፈራው ካልኩለሱን ነው፤ ሲወድቁ የማያቸው ግን አልጀብራው ላይ ነው። እንዴት እንደሆነ ላሳይሽ።

ዴሪቬቲቭ (አንድ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚያሳየው የካልኩለስ ስሌት) ሲጀመር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምሳሌ ሀ² ነው። ሀ ላይ ትንሽ ጭማሪ እናደርግና ጭማሪውን መ እንለዋለን። ከዚያ የሚሰላው ይህ ነው፦

((ሀ + መ)² − ሀ²) ÷ መ

ቅንፉ ሲፈታ ሀ² + 2ሀመ + መ² − ሀ² ይሆናል። ሁለቱ ሀ² ይጣፋሉ፣ 2ሀመ + መ² ይቀራል፣ እሱ ለመ ሲካፈል 2ሀ + መ ይሰጣል። አሁን መ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መልሱ ወደ 2ሀ ይሄዳል። እዚህ ውስጥ አዲስ ትምህርት የሆነው የመጨረሻው እርምጃ ነው። የቀረው በሙሉ ቅንፍ መፍታትና ማካፈል ነው። ታዲያ (ሀ + መ)²ን ሀ² + መ² ብሎ የፈታ ተማሪ በእጁ የሚቀረው መ ብቻ ነው። እሱም ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሁሉ ነገር ዜሮ ይሆንበታል፣ ከዚያ "ካልኩለስ አልገባኝም" ብሎ ኮርሱን ይተዋል። ያልገባው ግን ቅንፉ ነው! ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በጥቂት ቀን ልምምድ የሚስተካከል ነገር ነው።

ስለዚህ የትኛውን ልውሰድ የሚለውን የርዕስ ዝርዝር አይቶ መወሰን ይከብዳል። ሦስት ጥያቄ ልስጥሽ። ካልኩሌተር ሳትነኪ፣ ደብተር ሳትገልጪ ሥሪና የመጣልሽን እዚሁ ጻፊው።

1. 1/ሀ + 1/3 አንድ ክፍልፋይ ሆኖ ሲጻፍ?
2. √(ሀ² + 9) ከዚህ በላይ ያጥራል? ካጠረ ስንት ይሆናል?
3. ሀ² = 5ሀ ከሆነ ሀ ስንት ነው?

ሁለተኛ ዓመት

ኮርሱን ወስጄ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። አስጠኚው ስለ አልጀብራ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሁሉንም አልጀብራ ላይ መጣል አይመስለኝም። ክፍላችን ውስጥ አልጀብራ አሳምረው የሚሠሩ ልጆች ፋንክሽን ላይ ሲደናበሩ አይቻለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከአጻጻፉ ነው። ፈ(ሀ) ሲባል ብዙ ሰው ፈ ሲባዛ በሀ አድርጎ ያነበዋል፤ ፈ ግን ቁጥር ሲገባለት መልስ የሚሰጥ ደንብ ነው። ፈ(ሀ) = ሀ² + 1 ነው እንበል። ፈ(ሀ + 2) ስንት ነው ብትይው ዝም ብሎ ሀ² + 1 + 2 ይልሻል። ትክክለኛው ግን ሀ በነበረበት ቦታ ሁሉ ሀ + 2ን ማስገባት ነው፣ ማለትም (ሀ + 2)² + 1። ግራፉ ላይም እንደዚያው። ፈ(ሀ − 2) ግራፉን ወደ ቀኝ ነው የሚወስደው፣ መቀነስ ስለሆነ ወደ ግራ የሚሄድ ይመስላል እንጂ። ለምን ብለሽ ጠይቂ፦ ድሮ ሀ ዜሮ ሲሆን የምታገኚውን ዋጋ አሁን የምታገኚው ሀ 2 ሲሆን ነው። እንዲህ በቁጥር ሞክረሽ ካየሽው መሸምደድ አያስፈልግሽም።

ሌላው፣ ትሪጎኖሜትሪ ላይ ስትደርሺ መጀመሪያ ካልኩሌተርሽ በዲግሪ ይሁን በራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) እዪ። ሳይን 30 በዲግሪ 0.5 ነው። ራዲያን ላይ ከሆነ −0.988 ያሳይሻል፣ አንቺ ደግሞ ስህተቱን ደብተርሽ ላይ ስትፈልጊ ታመሻለሽ። ራዲያንን ግን እንዳትጠዪው። የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን ነው የሚባለው በራዲያን ሲለካ ብቻ ነው። በዲግሪ ከሆነ ፓይ ለ180 ተካፍሎ እየተባዛ ይከተልሻል።

ቁጥር ወዳጅ

ሎጋሪዝሙን ለእኔ ተዉት።

2 በስንት ፓወር ከፍ ቢል 8 ይሆናል? በ3። በቃ፣ የ8 ሎጋሪዝም በቤዝ 2 ማለት ያ 3 ነው። 16ስ? 4። ሎጋሪዝም ሲባል ሌላ ነገር አትፈልጊ፣ "በስንት ፓወር?" ለሚል ጥያቄ መልስ ነው።

አሁን 8ን በ16 አባዢ፣ 128 ይመጣል። የሁለቱን ሎጋሪዝም ደምሪ፣ 3 + 4 = 7። 2 በ7 ፓወር ስንት ነው? 128! ማባዛቱ መደመር ሆነ ማለት ነው። ስኮትላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኔፒየር የሎጋሪዝም ሰንጠረዡን በ1614 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ሰው በጉጉት የተቀበለው ለዚህ ነው። ካልኩሌተር በሌለበት ዘመን የከዋክብትን እንቅስቃሴ የሚያሰሉ ሰዎች ረጃጅም ቁጥሮችን በእጅ ማባዛት ነበረባቸው፣ እሱ ግን ሰንጠረዥ አይተው እንዲደምሩ አደረጋቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ የሚሠራው ለማባዛት ነው። የድምር ሎጋሪዝም የሎጋሪዝሞች ድምር አይደለም። 8 + 8 = 16 ነው፣ ሎጋሪዝሙም 4። 3 + 3 ግን 6 ነው። ፈተና ላይ እዚህ ጋ የሚሳሳተው ሰው ብዛቱ!

የማታ ተማሪ

ቁጥር ወዳጅ፣ ተባረክ! እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ልጆቹን አስተኝቼ ጥያቄዎቹን ሠራኋቸው፦

1. (3 + ሀ)/3ሀ
2. ሀ + 3
3. ሀ = 5

አስጠኚው

አንደኛው ልክ ነው፣ እሱን መሥራትሽ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ክፍልፋይ ላይ ብዙ ሰው ላይና ታቹን ዝም ብሎ ይደምርና 2/(ሀ + 3) ይላል። መሠረታዊውን ኮርስ የሚያስወስድ ክፍተት የለብሽም።

ሁለተኛውን በቁጥር እንፈትነው። ሀ 4 ይሁን። 16 + 9 = 25፣ ስኩዌር ሩቱ 5 ነው። ባንቺ መልስ ግን 4 + 3 = 7። ስለዚህ አያጥርም፣ እንዳለ ይቀመጣል። ቅድም ካነሳሁት የቅንፍ ስህተት ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ ፓወርንና ስኩዌር ሩትን ድምር ላይ መበተን። ስትጠራጠሪ እንዲህ ቁጥር አስገብተሽ እዪ፣ ፈተና ላይም ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛው ላይ ሁለቱንም ጎን ለሀ አካፍለሻል መሰለኝ። ሀ ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ ለዜሮ ደግሞ አይካፈልም፣ ስለዚህ አንዱ መልስ አመለጠሽ። ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጪውና ፋክተር አድርጊው፦ ሀ(ሀ − 5) = 0። መልሱ 0 እና 5 ነው።

እኔ ብሆን መካከለኛውን እገባለሁ። ግን እስኪጀመር ያለውን ጊዜ ለአልጀብራ ስጪው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ በእጅሽ። ቅንፍ መፍታት፣ ፋክተር ማድረግ፣ ፊደል ያለበት ክፍልፋይ፣ ፓወርና ስኩዌር ሩት። የተሠራ መፍትሔ ማንበብ አይቆጠርም፣ ሲያነቡት ሁሉም የገባ ይመስላል። ሁለተኛ ዓመት ያለውን የፈ(ሀ + 2) ነገርም ጨምሪበት፣ እውነቱን ነው።

ኳድራቲክ (ሀ² ያለበት እኩልታ) ላይ ስትደርሺ ፎርሙላውን ከመሸምደድሽ በፊት በሥዕል አንድ ጊዜ ሥሪው። የሒሳብ ሊቁ አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሀ² + 10ሀ = 39ን የፈታው እንዲህ ነው። ጎኑ ሀ የሆነ ካሬ ይሣላል። 10ሀ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ጎኑ ስፋታቸው 5 የሆነ ሬክታንግሎች ይለጠፋሉ። ጥግ ላይ 5 በ5 የሆነ ቦታ ባዶ ይቀራል። እሱን ለመሙላት በሁለቱም ወገን 25 ትጨምሪያለሽ፣ 39ኙ 64 ይሆናል፣ የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው ማለት ነው። ሀ + 5 = 8፣ ስለዚህ ሀ = 3። ፎርሙላው የተገኘው ከዚሁ ነው።

አሁን አንቺ ሀ² + 6ሀ = 16ን በሥዕል ፍቺው። ሁለት መልስ አለው። ርዝመት ኔጌቲቭ ስለማይሆን ሥዕሉ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳይሽ። ሌላውን በምን መንገድ እንዳገኘሽው ጻፊልን፣ አየዋለሁ።