ጥቆማ፦ ለፖቶስ የትኛው መደገፊያ፣ የትኛው አፈር?

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የተከልኩት የፖቶስ (ሐረግ የሚያወጣ የቅጠል ተክል) ሐረግ ረዝሟል፤ ቅጠሉ ግን ወደ ጫፉ እያነሰ ሄዷል። መደገፊያ ቢገዛለት የትኛው ይሻላል? ማዳበሪያስ?

መልስ፦ ማዳበሪያውን ያቆዩት። ቅጠሉ የሚያንሰው ሐረጉ ቁልቁል ስለተንጠለጠለ ነው፣ የብርሃን ማነስም ያብሰዋል። ፖቶስ ቅጠሉን የሚያሰፋው ሽቅብ ሲወጣና ከአንጓው (ቅጠሉ ከግንዱ ከሚወጣበት ቦታ) የሚበቅለው ሥር እርጥብ ነገር ሲይዝ ነው። በኮኮናት ቃጫ የተጠቀለለው ዘንግ ያምራል እንጂ ውሃ አይቋጥርም፤ ሥሩ እንደነካው ይደርቃል። ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚቋጥር የረግረግ ዕፅ) የተሞላ የመረብ ዘንግ ይግዙ። ውፍረቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ይሁን፣ የቀጠነው ቶሎ ይደርቃል። ውሃውን ከላይ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። ሲያስሩ ግንዱን ብቻ ነው፤ የቅጠሉ እጀታ ከታሰረ ቅጠሉ ወደ ብርሃን መዞር ያቅተዋል። አንጓው ሞሱን ካልነካ ደግሞ ዘንጉ ለጌጥ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ሌላ መልስ፦ ልክ ነው፤ ግን ሞሱን በየሁለት ሦስት ቀኑ ለማያርስ ሰው ያልተላገ ጣውላ ይመረጣል። ቅጠሉ የሞሱን ያህል ባይሰፋም ሥሩ ሸካራውን ይዞ ይወጣል።

በአፈሩ በኩል፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የቤት ውስጥ ተክል አፈር ለብቻው ሲውል ይጠቀጠቃል። 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ፐርላይት (አፈሩን የሚያናፍስ ነጭ ቀላል ጠጠር)፣ 1 እጅ የተከተፈ የዛፍ ቅርፊት ይቀላቅሉ። በአፈሩ ፋንታ ኮኮፒት (የኮኮናት ቃጫ ብናኝ) ከሆነ ጨው ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ በደንብ ይታጠብ። ውሃ ማብዛት ለሚወድ እጅ የሸክላ መትከያ፣ ለሚረሳ የፕላስቲክ። ከታች ቀዳዳ የሌለው ምንም ቢያምር አይገዛም። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ አፈሩም እርጥብ ከሆነ ሥሩ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማዳበሪያ መጨመር ጉዳቱን ያፋጥናል። ጤነኛ ለሆነው ግን 20-20-20 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሺየም በእኩል ቁጥር የተጻፈበት) የሚሟሟው ማዳበሪያ በመለያው ከተጻፈው በግማሽ ቀጥኖ፣ በሚያድግበት ወቅት በወር አንዴ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ የረገፈው ባዶ ሐረግስ?

መልስ፦ ይቆረጥ። ከአንጓው 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ብለው፣ በንጹሕ መቀስ። አንጓው ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ውሃው በሳምንት አንዴ ይቀየር። ሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሲደርስ ሦስት አራቱን እዚያው መትከያ ላይ ቢተክሏቸው ግርጌው ይሞላል። አንጓ የሌለው ቅጠል ሥር ቢያወጣ እንኳ አዲስ ሐረግ አይሰጥም። ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል፣ ድመትና ውሻ ሲያኝኩት ደግሞ አፋቸውን ያቃጥላል፤ ቁርጥራጩን ወለል ላይ አይተዉት።