በግንቦት ያዛወርነው ሎሚ ሊደርቅብኝ ነው፣ ድረሱልኝ

ጠያቂ (ቆቦ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ መልሱልኝ። አጥሩን ግንበኞች ሊሠሩት ስለሆነ የእናቴን ሎሚ ከትናንት ወዲያ ከሥሩ ነቅለን ጓሮ ተከልነው። ዛሬ ቅጠሉ ተጠቅልሎ መርገፍ ጀምሯል። በቀን 3 ጊዜ አጠጣዋለሁ። ዩሪያ ልጨምርለት?

የባቲ ልጅ፦ በግንቦት? በቆቦ ፀሐይ? እቱ፣ ሰዉም ጥላ ፍለጋ ነው የሚውለው። አብሽሪ፣ ውሃ ጨምሪለት።

ከደሴ፦ ዛፍ የሚዛወረው ሐምሌ ላይ ነው፣ ዝናቡ አፈሩን ጠለቅ አድርጎ ሲያርሰው። የመጀመሪያዋን ካፊያ አይቶ መቸኮል አይገባም። መስኖ ያለው ሰው ጥቅምትንም መጠቀም ይችላል። አየሩ ይበርዳል፣ አፈሩ ግን ገና ሙቀት ስላለው ሥር ይሰዳል። ቆላ ላይ በልግን አላምነውም፤ ከኋላው ግንቦትና ሰኔ አሉ።

ጠያቂ፦ ግንበኞቹ ሐምሌን አይጠብቁም። የዛሬውን ንገሩኝ።

ከወልድያ፦ መጀመሪያስ ለምን ይነቀላል? አጥሩን አንድ ክንድ ገባ ማድረግ ነበር። እኛ ለአንድ ዘይቱን ብለን አድርገነዋል።

ጠያቂ፦ ድንበር ነው፣ አይሆንም።

ከመርሳ፦ ዩሪያውን ተዪው! የተቆረጠ ሥር ያቃጥላል። ስንት ዓመቱ ነው? ከነአፈሩ ነው የወጣው?

ጠያቂ፦ 4 ዓመቱ። አፈሩ ግማሹ መንገድ ላይ ረገፈ። ፍሬ ይዟል።

ከመርሳ፦ እሺ። ቅጠሉ የተጠቀለለው ውሃ ስላነሰው አይመስለኝም፤ ሥሩ ተቆርጦ ውሃውን የሚስብለት አጥቶ ነው። ፍሬውንና አበባውን ዛሬውኑ ልቀሚ። አራት እንጨት ተክለሽ ከላይና በምዕራብ በኩል ጆንያ ወጥሪ። ቅጠሉን አይንካው፣ ነፋስም ይግባበት። የማሽላ አገዳ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቀሽ ጎዝጉዢ። ከማጠጣትሽ በፊት ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ እርጥብ ከሆነ አታጠጪ። ጥቁር አፈር ውሃ ይይዛል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ግንዱንም በጥፍርሽ ትንሽ ፋቂው። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ነፍስ አለው።

ከኮምቦልቻ፦ ቅርንጫፉን በግማሽ ቁረጪው። ሥር ሳይኖር ቅጠል ምን ያደርጋል?

ከመርሳ፦ በዚህ ሐሩር? ግንዱ ተራቁቶ ይቃጠላል። የደረቀውን ብቻ፣ እሱንም ቆይታ።

የባቲ ልጅ፦ ውሃ ግን በደንብ ጠጥቷል?

ጠያቂ፦ ፋቅኩት፣ አረንጓዴ ነው! አፈሩ ግን ጭቃ ሆኗል፣ ውሃውን አቆምኩ። ጆንያውም ተወጥሯል። ፍሬውን መልቀም ከበደኝ፤ እናቴ የተከለችው ነው፣ ዘንድሮ ገና መጀመሪያ ማፍራቱ ነው። ለቀምኩት። ቅጠሉ ሁሉ ቢረግፍስ?

ከመርሳ፦ ቢረግፍም እንዳትነቅይው። ግንዱ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ክረምቱን አሳልፊው።

ከሐይቅ፦ እኔም ዘይቱን ላዛውር ነበር፣ ለሐምሌ አቆየሁት። እህቴ፣ ሎሚው ምን ሆነ?