የድሮ ሲጂ 125፣ ፒስተን 0.50 ወይስ 0.75?
ሰላም ጎበዞች፣ ጎንደር ነኝ። የአባቴን የድሮ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል እያደስኩ ነው። ሰማያዊ ያጨሳል፣ ካንዴላው በዘይት ይነከራል፣ የቫልቭ ጎሚኒ ቀየርኩ ያው ነው። ቴስታውን ሳወርደው ሲሊንደሩ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ፣ ፒስተኑ አናት ላይ ደግሞ 0.25 የሚል አለ (ከኦሪጅናሉ በ0.25 ሚሊ የሚሰፋ ፒስተን ነው)፣ ማለት ከዚህ በፊት አንዴ ቦር ተደርጓል፣ ሲሊንደሩ ውስጡ ተቆርጦ ሰፍቷል (ኦሪጅናሉ 56.5 ሚሊ ነው)። አዘዞ ያለ ቶርኖ ቤት ሲለካው ላዩ ጋ 56.91 ታቹ ጋ 56.78 ወጣ። 0.50 ካስገባሁ 57.00 ነው፣ ስለዚህ ላዩ ጋ የሚቆረጠው 0.09 ብቻ፣ ያውም ለሁለት ጎን ተካፍሎ። ባለሙያው ዝም ብለህ 0.75 አምጣ ይላል፣ እኔ ደግሞ ከዛ በኋላ የሚቀረኝ 1.00 ብቻ ስለሆነ ሲሊንደሩን ካሁኑ መጨረስ አልፈለኩም። ፒስተኑን በእጁ ይዞ ሳይለካ አይቆርጥም፣ እሱስ ልክ ነው፣ ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ መመለስ የለም። ጥፍር የሚይዝ ጭረት በ0.50 ይጠፋል ወይስ በቀጥታ 0.75 ልዘዝ?