ደመወዜ ለሞግዚት እያለቀ ነው፤ ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ?

ሰላም እህቶቼ፣ በተለይ የጡረታ ነገር የምታውቁ እርዱኝ። አዲስ አበባ ነኝ፣ ልጆቼ የ3 ዓመትና የ7 ወር ናቸው። እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 14,200 ብር ነው። ሞግዚቷ 6,000፣ ምግቧና ሳሙናዋ 2,000 ገደማ፣ ታክሲ 1,760፣ ምሳ 2,640። ሲደመር 12,400። የሚተርፈኝ 1,800 ብር ብቻ ነው።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አስገባ ነበር። የያዘኝ ጡረታው ነው። በየወሩ ከኔ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዬ 11 በመቶ ይገባል፤ ይህ እዚያ 1,800 ውስጥ አይታይም። አገልግሎቴ 8 ዓመት ከ4 ወር ነው። አሁን ለቅቄ ትንሹ 3 ዓመት ሲሞላው ሌላ የግል ድርጅት ብቀጠር የቀድሞው ይደመርልኛል? ስወጣ የትኞቹን ወረቀቶች አስፈርሜ ልያዝ?

የትንሹ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጠዋት አልቤ የምተወው ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ ውጭ ግን ከ4 ሰዓት በላይ አይሆንም። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ በጠፋ ቁጥር ሞግዚቷ የላም ወተት በጡጦ ትሰጠዋለች። ዓመት ላልሞላው ሕፃን በእናት ጡት ፋንታ እንደማይሰጥ ብነግራትም ልጁ ሲያለቅስ አንጀቷ አይችልም፤ አልፈርድባትም።

ባለቤቴ «ልቀቂ፣ እንችለዋለን» ይላል። የቤት ኪራይ ቢጨምርስ? ቤት ሆናችሁ የትንንሽ ሱቆች ሂሳብ የምትይዙ ካላችሁ፣ ሕፃን ታቅፎ ስንት ደንበኛ ይቻላል? በወርስ ስንት ይከፈላል?