አስቸኳይ፦ ሞዴሉ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሁሉንም ሌጦ «እንከን አለበት» ይላል

ሌጦ_በካሜራ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት)
ወገኖች፣ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የምሠራው ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ያለቀለት የበግ ሌጦ በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ሲያልፍ ከላይ የተሰቀለው ካሜራ ፎቶ ያነሳዋል። የቢላ ቁርጥ፣ የእሾህ ጭረት ወይም የእከክ ጠባሳ ያለበትን ሞዴሉ (ምስል አይቶ እንዲለይ ያስተማርኩት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ለይቶ ቀይ ያደርገዋል፤ ደህናውን አረንጓዴ። አራት ወር ከሌጦው እኩል ለፍቼበታለሁ። እስከ ትናንት ማታ ያለ እንከን ይሠራ ነበር።

ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ ስንጀምር የሚያልፈው ሁሉ ቀይ ሆነ። አንደኛ ደረጃው ቀይ፣ የተበጣጠሰው ቀይ፣ ባዶው ቀበቶ እንኳን ቀይ! ባዶ ቀበቶን አስተምሬዋለሁ፤ ድሮ አረንጓዴ ነበር። ምንም የነካሁት ነገር የለም። ኮዱ ያው፣ ሞዴሉ ያው፣ ኮምፒውተሩ ያው። በሙከራ ጊዜ ትክክለኛነቱ 98 ከመቶ ነበር። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኃላፊዎቹ ገዢ ይዘው ሊያዩት ይመጣሉ።

ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ወደ የትኛው ትልቅ ሞዴል ልቀይር? በአንድ ሌሊት ሠልጥኖ የሚደርስ ይሁን።

አጎበር
ገዢው ቀይ ሌጦ ይወድ እንደሆነ ጠይቅልን። ከወደደ ችግሩ ተፈታ።

ዳታ_አፍቃሪ
የሥልጠና ምስል ጨምር። ሞዴል ሲያጠፋ መድኃኒቱ ምስል መጨመር ነው።

መምህረ_ቁጥር
በቅድሚያ መሠረቱን እንያዝ። በቁሳቁስ ገጽ ላይ እንከን የመለየት ሥራ ድሮ ሰው እየቀመረ በሚጽፋቸው ማጣሪያዎች ይሠራ ነበር፤ ጠርዝ ይፈልጋሉ፣ የሸካራነት ልኬት ያወጣሉ። ዛሬ ይህን ልኬት የነርቭ መረብ የሚባለው የሞዴል ዓይነት ራሱ ከምስሎቹ ይማረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሬስኔትና ዩኔት የሚባሉ መረቦች ወጡ፤ የመጀመሪያው ምስሉን በጥቅሉ ይመድባል፣ ሁለተኛው እያንዳንዷን ነጥብ ለይቶ የእንከኑን ቅርጽ ይሥላል። ተማሪ ሁሉ የሚጀምርበት የምስል ስብስብ በቻይና ሼንያንግ የሚገኘው የሰሜን ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የብረት ገጽ ስብስብ ነው፦ 1800 ምስሎች፣ 6 የእንከን ዓይነቶች፣ ለእያንዳንዱ 300፣ ስፋታቸው 200 በ200 ነጥብ። በዚህ ስብስብ ላይ ብዙ ጽሑፎች ከ99 ከመቶ በላይ አገኘን ይላሉ። ታዲያ ያ ውጤት የሚገኘው ምስሎቹ ተቆርጠውና ተስተካክለው ስለቀረቡ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ማንም እንደዚያ አስተካክሎ አያቀርብልህም። ስለዚህ ምክሬ ዩኔትን ከመሠረቱ ተረድተህ…

አጎበር
መምህር፣ ልጁ የቀረው 17 ሰዓት ነው።

ባለመነጽር
ሞዴል ለመቀየር አትቸኩል። ሦስት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ ሞዴሉ የተማረው እንከን ያለበትንም የሌለበትንም አይቶ ነው ወይስ ደህናውን ብቻ? ሁለተኛ፣ ትናንት የተነሱ ምስሎች ተቀምጠዋል? ከተቀመጡ አሥሩን ዛሬ በዚያው ሞዴል አሳልፋቸውና ምን እንደሚል ንገረን። ሦስተኛ፣ የትናንቱንና የዛሬውን ባዶ ቀበቶ ጎን ለጎን አስቀምጠህ በዓይንህ እያቸው። በሞዴል ሳይሆን በዓይንህ።

ዳታ_አፍቃሪ
ምስል መገልበጥ፣ ማዞርና ማደብዘዝም ይቻላል። ከ500 ምስል 5000 ታወጣለህ።

የመስኮት_ዳር
እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፤ ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። ቆዳ በመምረጥ ግን 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ቀይና አረንጓዴ የምትለው ነገር ገና ከመነሻው አልገባኝም። ሌጦ እኮ ጥሩና መጥፎ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም። እኛ ስንመርጥ ከአንድ እስከ ሰባት እንመድባለን፤ ከዚያ በታች ያለው ውድቅ ነው። አንዲት የቢላ ቁርጥ ሆዱ ጠርዝ ላይ ብትሆን ጫማ ሰፊው ቆርጦ ይጥላታል፤ ያችው ቁርጥ ጀርባው መካከል ብትሆን ሌጦው ሁለትና ሦስት ደረጃ ይወርዳል። ማሽንህ እንከኑ የት እንዳለ ካልጠየቀ ምን መረጠ ይባላል?

እከክን በተመለከተ ደግሞ፣ በጉ ላይ ቅማልና መሰል ነፍሳት ሲፈሉበት የሚቀር ጠባሳ ነው። ፀጉሩ ሳለ አይታይም፤ ሌጦው ከተላገ በኋላ ነው የሚወጣው። እሱንም ቢሆን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ከላይ ብታየው ያመልጥሃል። እኛ ሌጦውን በሁለት እጃችን ይዘን ወደ መስኮቱ አዘንበል እናደርገዋለን። ብርሃኑ በጎን ሲተኛበት እከኩ ጤፍ እንደ ተበተነበት ብጥር ብጥር ብሎ ይወጣል። ቀጥ ስታደርገው መልሶ ይጠፋል። መብራታችሁ ከየት በኩል ነው የሚያበራው?

ሌጦ_በካሜራ (ከምሽቱ 12 ሰዓት)
እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የደረጃውን ጉዳይ ሁለተኛው ዙር ላይ እንሠራዋለን ብለን አቆይተነው ነው። መብራቱ ከላይ ነው፤ በተጨማሪ አንድ ረጅም ኤልኢዲ በጎን አለ።

ባለመነጽር፣ የተማረው ደህናውን ብቻ አይቶ ነው። ፓችኮር ይባላል። የትናንቶቹን አሳለፍኳቸው፤ ትናንት ያለውን ነው ዛሬም የሚለው፣ ሁሉም ትክክል። ባዶው ቀበቶ ትናንት ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ግራጫ ነው። አማካይ ብርሃኑን ስለካው ትናንት 31፣ ዛሬ 118 መጣ። ግን መብራቱን ማንም አልቀየረም!

ባለመነጽር
ትናንት ማታ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ነበር?

ሌጦ_በካሜራ
መጥፋቱንማ ጠፍቷል፤ መቼ ነው የማይጠፋው? ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ሄዶ ሊነጋ ሲል መጣ። ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ኮምፒውተሩ ባትሪ አለው፤ አልጠፋም።

አጎበር
«ምንም የነካሁት ነገር የለም» ያለው ልጅ እውነቱን ነው። የነካው ኤሌክትሪኩ ነው።

ባለመነጽር
ኮምፒውተሩ ባትሪ አለው፤ ካሜራውስ? የኢንዱስትሪ ካሜራ ኃይል አጥቶ ሲነሳ የሚጀምረው በውስጡ በተቀመጠው መነሻ ቅንብር ነው። አንተ አራት ወር ሙሉ ስትሠራበት የነበረውን ቅንብር ካሜራው ውስጥ ካላስቀመጥከው፣ ወይም ካስቀመጥከው በኋላ «ስትነሣ በዚህ ጀምር» ካላልከው፣ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ምናልባት ከተሰቀለ ጀምሮ አንድም ቀን ሳይጠፋ ቆይቶ ይሆናል። አሁን ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ (ኤክስፖዠሩን) በራሱ እየወሰነ ይመስለኛል። ጥቁር ቀበቶ ሲያይ «ጨለመ» ብሎ ጊዜውን ያረዝማል፤ ጥቁሩም ግራጫ ይሆናል። እኔን የነገረኝ ያ ባዶ ቀበቶ ነው፤ ሌጦ በሌለበት ቀይ ማለት ችግሩ ከሌጦው አይደለም።

ሞዴልህ ለምን ሁሉንም እንደሚጥልም ግልጽ ነው። ደህናውን ብቻ አይቶ የተማረ ሞዴል ስለ ቁርጥና ጭረት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው «እስከ ዛሬ ያየሁትን ይመስላል ወይስ አይመስልም» የሚለውን ብቻ ነው። ከደህና ምስሎች ቁርጥራጭ የተወሰዱ መለያዎችን ያከማቻል፣ አዲስ ምስል ሲመጣ ከክምችቱ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል። ብርሃኑ ሲለወጥ ሁሉም ይርቃል። ስለዚህ ሞዴሉ አልተሳሳተም፤ የዛሬውን ምስል በእርግጥም አይቶት አያውቅም።

አሁን ሂድና የካሜራውን ፕሮግራም ክፈት። የኤክስፖዠሩንም የማጉያውንም (ምስሉን በኤሌክትሮኒክስ የሚያደምቀውን) አውቶማቲክ አጥፋ። የነጭ ሚዛኑንም (ቀለም የሚያስተካክለውን) እንዲሁ። ቁጥሩን የማታስታውስ ከሆነ ባዶው ቀበቶ ወደ 31 እስኪመለስ ድረስ ኤክስፖዠሩን በእጅህ ቀንስ። ከዚያ ቅንብሩን ካሜራው ውስጥ አስቀምጥ፣ መነሻ አድርገው፣ በመጨረሻም የካሜራውን ገመድ ነቅለህ መልሰህ ሰካ። ሳትነቅል «ተስተካከለ» አትበል።

ዳታ_አፍቃሪ
ደማቅም ጨለማም ምስል ጨምረህ ብታሠለጥነው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ዳታ ነው ያልኩት።

ባለመነጽር
በዚህ ሥራ ላይ አደጋ አለው። እትዬ እንዳሉት እከኩ የሚታየው በብርሃንና በጥላ ልዩነት ነው። ሞዴሉ ማንኛውንም የብርሃን ልዩነት ችላ እንዲል ካስተማርከው እከኩንም አብሮ ችላ ይለዋል።

ኤሌክትሪክ_ክፍል
እኔ ደግሞ መብራቱ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ በተለዋጭ ጅረት የሚሠራ ርካሽ ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል፤ አንዱ ምስል ደማቅ ሌላው ደብዛዛ ይወጣል። ኤክስፖዠሩን 10 ሚሊ ሴኮንድ አድርገው፤ አንድ ሙሉ ርግብግቢት ስለሚይዝ ሁሉም እኩል ይሆናል።

ባለመነጽር
ሐሳቡ ለቆመ ነገር ልክ ነው። ቀበቶው ግን ይሄዳል። ፍጥነቱ ስንት ነው?

ሌጦ_በካሜራ
በደቂቃ 10 ሜትር።

ባለመነጽር
ስለዚህ በሴኮንድ ወደ 167 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። በ10 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ሌጦው ከ1.6 ሚሊ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል፤ ጤፍ የምታክለዋ እከክ ተስባ ትጠፋለች። በ1 ሚሊ ሴኮንድ ግን ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ኤክስፖዠሩን አጭር አድርገህ ለጎኑ መብራት የተረጋጋ ቀጥተኛ ጅረት የሚሰጥ መመገቢያ ግዛ።

ኤሌክትሪክ_ክፍል
እሺ፣ ቀበቶውን ረስቼዋለሁ። መመገቢያውን ግን ዛሬ ማታ የት ይገዛዋል? ለነገ ቢያንስ የጣሪያውን መብራት አጥፋና በጎኑ ብቻ ሥራ፤ ከመስኮት የሚገባውንም ፀሐይ በካርቶን ጋርደው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ አይተሃል?

መምህረ_ቁጥር
ስለ 98 ከመቶው ማንም አልጠየቀም። ከአንድ ሌጦ ብዙ ቁራጭ ምስል ቆርጠህ ከፊሉን ለሥልጠና፣ ከፊሉን ለሙከራ አድርገህ ከሆነ ሞዴሉ የተፈተነው አስቀድሞ ባየው ሌጦ ነው። መከፋፈል ያለበት በሌጦ ነው፤ እንዲያውም በተለያየ ቀን በገባ ሌጦ። በሌላ በኩል ከ100 ሌጦ እንከን ያለበት 2 ብቻ ከሆነ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም «ደህና» የሚል ሞዴልም 98 ከመቶ ያገኛል። የሚያስፈልግህ ቁጥር ከእውነተኞቹ እንከኖች ስንቱን አገኘ፣ በከንቱስ ስንት ደህና ሌጦ ጣለ የሚለው ነው። ሞክረው ለማየት የጀርመኑ ኩባንያ ኤምቪቴክ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የምስል ስብስብ ውስጥ የቆዳ ክፍል አለ፤ 245 ደህና የሥልጠና ምስሎች አሉት…

የመስኮት_ዳር
ከመቶ ሌጦ ሁለት ብቻ እንከን ያለበት አገር የት ነው? እኔንም ውሰዱኝ።

ሌጦ_በካሜራ (ከምሽቱ 3 ሰዓት)
ካሜራው ጋ ደርሻለሁ። ባለመነጽር፣ እውነትህን ነው፤ ኤክስፖዠሩ «አውቶ» ይላል። ድሮ ስንት እንዳደረግኩት በወረቀት አልጻፍኩትም። 1 ሚሊ ሴኮንድ ላይ ሳደርገው ባዶው ቀበቶ 29 መጣ፤ በባዶው አረንጓዴ ሆኗል። ሌጦ አሳልፌ ላየው ስል ግን ሌላ ነገር ገጠመኝ፤ ለነገ የተዘጋጀው ጥቁር ሌጦ ነው። እስከ ዛሬ ያስተማርኩት ቡናማ ብቻ ነው። ጥቁሩም ቀይ ይሆናል?

አጎበር
ይህንንም «ምንም አልተቀየረም» ውስጥ አስገብተኸው ነበር?

ባለመነጽር
ቀይ ይሆናል። ጥሩው ነገር ፓችኮር ለሰዓታት አይሠለጥንም፤ ደህና ምስሎችን አንድ ጊዜ ያሳልፍና ክምችቱን ይሠራል፤ ባለህ ኮምፒውተር ሌሊቱን አይወስድም። ቅንብሩን መጀመሪያ ቆልፍ። ከዚያ ደህና የሆኑ ጥቁር ሌጦዎች አስመርጥ፤ ሰው ይምረጥልህ፣ ሞዴሉ አይምረጥ። ለጥቁሩ የራሱ ክምችትና የራሱ መለያ ነጥብ (ቀዩን ከአረንጓዴው የሚለይበት ወሰን) ይኑረው፤ ከቡናማው ጋር አትቀላቅለው። ደህና ተብሎ የገባ አንድ እከካም ሌጦ ካለ ሞዴሉ እከክን «ደህና» ብሎ ይይዘዋል።

ዳታ_አፍቃሪ
እንግዲህ ምስል ጨምር እያላችሁት ነው።

የመስኮት_ዳር
ልጄ፣ የሌሊት ፈረቃ መራጮች ካሉ ለምናቸው። ጥቁር ሌጦ ላይ እከክ ከሁሉ ይከፋል፤ በእጅ ዳብሰው ጭምር እንዲያዩልህ ንገራቸው። ሻይም አቅርብላቸው።

ሌጦ_በካሜራ (ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል)
ሁለት መራጮች ተገኝተዋል። 60 ሌጦ መርጠውልኛል። አንደኛዋ ገና ከጅምሩ «ደህና» ብዬ ካስቀመጥኩት ውስጥ ስድስቱን መልሳ ጣለች። እያነሳሁ ነው፤ ነገ እነግራችኋለሁ።

አጎበር (ዓርብ)
ነገ አልፏል። ገዢው ምን አለ?

ሸክላ_ሠሪ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምሠራው የወለል ሴራሚክ ላይ ነው፤ ሞዴሌ ከሰኞ ጀምሮ የፀጉር ስንጥቅ ያለበትን ሁሉ ማሳለፍ ጀምሯል። ከላይ የተባለውን ሁሉ አይቻለሁ፤ ኤሌክትሪክ አልጠፋም፣ ቅንብሩም ካሜራው ውስጥ ተቀምጧል። ምስሉ ግን ትንሽ ደብዝዟል። ካሜራው ከመጭመቂያው ማሽን አጠገብ ነው የተሰቀለው። ምን ይሆን?

ባለመነጽር
ማሽኑ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ሌንሱ ዙሪያ ላይ ቀለበቶቹን የሚይዙ ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አጥብቀሃቸው ነበር?